ላቴክስ ሲጓጉል፣ ሲንሳፈፍና ሲበላሽ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ላቴክስ ሲያዩት አንድ ወጥ ነጭ ፈሳሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮሎይድ ነው፤ ማለትም በውሃ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቅንጣቶች ስብስብ ነው። ከጎማ ዛፍ በሚገኘው ላቴክስ የአብዛኞቹ ቅንጣቶች ዲያሜትር ከ0.1 እስከ 3 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ነው። ቅንጣቶቹ ከተነካኩ ይጣበቃሉ። እንዳይነካኩ የሚጠብቃቸው በላያቸው ያለው ስስ ሽፋን ነው፦ በዛፉ ላቴክስ ፕሮቲንና ፎስፎሊፒድ (ስብ መሰል ንጥረ ነገር)፣ በፋብሪካ በሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር። ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስላለው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ላቴክስ ባስቸገረ ቁጥር መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሽፋኑን ምን ነካው?

ከሁሉ በፊት ጠብታውን ይፈትኑ

በጠራ ብርጭቆ 100 ሚሊ ሊትር የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ይቅዱና ሁለት ሦስት ጠብታ አሞኒያ ይጨምሩ። ካስቸገረው ላቴክስ በመስታወት ዘንግ አንድ ጠብታ አንስተው ውሃው ውስጥ ይንከሩና በቀስታ ያማስሉ። ጠብታው እንደ ጭስ ተዘርግቶ ውሃውን ያለ ፍርፋሪ ካነጣው ቅንጣቶቹ ገና አልተጣበቁም፤ ላቴክሱ ይድናል። ዘንጉ ላይ ክር ወይም ፍርፋሪ ከቀረ፣ በጣት መካከል ሲስቡትም እንደ ጎማ ከተለጠጠ ግን ሽፋኑ ፈርሶ ቅንጣቶቹ ተዋህደዋል። ያንን ክፍል አሞኒያም ሆነ ሳሙና ወደ ነበረበት አይመልሰውም። የሚቀረው ሥራ የተረፈውን አጥልሎ ማዳን ብቻ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ኬሚካል መጨመር ጤነኛውንም ክፍል ማበላሸት ይሆናል።

ችግር፦ የሆነ ነገር ሲጨመርበት ወዲያው ጓጎለ

ብዙ ላቴክስ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ በላይ ነው።

አንደኛው አሲድ ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድነት ይጨምራል) ወደ 5 ገደማ ሲወርድ በሽፋኑ ላይ ያለው ፕሮቲን የኤሌክትሪክ ሙሉን ያጣል፤ መገፋፋቱም ይቆማል። በአሞኒያ የተጠበቀ ላቴክስ ፒኤቹ ከ10 እስከ 11 ስለሆነ፣ የሚጨምሩት ቀለም ወይም ድብልቅ ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ ፒኤቹን ለክተው በአሞኒያ ወደ 10 ያቅርቡት።

ሁለተኛው፣ ሰዎች በቀላሉ የማይጠረጥሩት፣ ውሃው ራሱ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት፣ ሳሙና አረፋ አልሰጥ የሚልበት ውሃ ላቴክስን ይጎዳል። እንዴት? በእያንዳንዱ ቅንጣት ዙሪያ የፖዘቲቭ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አተሞች) ደመና አለ። በሊትር 1 ሚሊሞል (የሞል ሺህኛ፤ ሞል በኬሚስትሪ የቅንጣት ብዛት መለኪያ ነው) የገበታ ጨው ባለበት ውሃ የደመናው ውፍረት 10 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ጨው ወደ 100 ሚሊሞል ሲደርስ ወደ 1 ናኖሜትር ይሳሳል። ያኔ ቅንጣቶቹ በጣም ይቀራረባሉ፤ በአጭር ርቀት የሚሠራው የቫን ደር ዋልስ ስበትም መገፋፋቱን ያሸንፋል። ይህን ሚዛን ደርያጊንና ላንዳው በ1941፣ ቨርዌይና ኦቨርቤክ ደግሞ በ1948 በየፊናቸው በስሌት አሳይተውታል። የአዮኑ ሙል ከፍ ባለ ቁጥር ለማጓጎል የሚበቃው መጠን በጣም ያንሳል፦ በንድፈ ሐሳቡ ባለ አንድ ሙል 1 ቢፈልግ፣ ባለ ሁለት ሙል 1/64፣ ባለ ሦስት ሙል 1/729 ይበቃዋል። በተግባር ልዩነቱ ከዚህ ጠበብ ሊል ይችላል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

በዓይን ማየት ለሚፈልግ፦ ወደ 5 በመቶ የተበረዘ ላቴክስ በሁለት ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ይቅዱ። በአንዱ የገበታ ጨው ውሃ (በ100 ሚሊ ሊትር 5.8 ግራም)፣ በሌላው የካልሲየም ክሎራይድ ውሃ (ውሃ ከሌለበት ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር 11.1 ግራም) ጠብታ በጠብታ እያማሰሉ ይጨምሩ። በሁለቱም ውሃዎች የሟሟው ጨው በሞል ሲለካ እኩል ነው። ሆኖም የካልሲየሙ ብርጭቆ ቀድሞ የብርጭቆውን ግድግዳ በፍርፋሪ ያለብሰዋል፤ የጨዉ ግን በዚያ መጠን ገና ወተት እንደመሰለ ነው።

መፍትሄው ለመበረዣ የተጣራ ውሃ መጠቀምና ውሃውንም አሞኒያ ማስያዝ ነው። 25 በመቶ የሆነ የአሞኒያ ውህድ 28 ግራም ከ972 ግራም የተጣራ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.7 በመቶ አሞኒያ ያለው መበረዣ ይሆናል። 60 በመቶ ደረቅ ጎማ ያለውን 100 ግራም ላቴክስ ወደ 40 በመቶ ለማውረድ ከዚህ 50 ግራም ይበቃል። ሁልጊዜ መበረዣው ወደ ላቴክሱ ይፈስሳል፤ በቀስታ፣ እየተማሰለ።

ሦስተኛው ደረቅ ዱቄት ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ድኝ እንዳለ ሲነሰነስ በወደቀበት ቦታ ውሃውንና ሳሙናውን መጥጦ ጓል ይሠራል። ዱቄቱን አስቀድመው ከበታኝ ንጥረ ነገር ጋር በውሃ ፈጭተው እንደ ሊጥ ያድርጉትና ፒኤቹን ከላቴክሱ ጋር ካቀራረቡ በኋላ ይጨምሩ። አልኮልና አሴቶንም ሽፋኑን ስለሚገፉ ያጓጉላሉ። ፖዘቲቭ ሙል ያለው ላቴክስ ከኔጌቲቩ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መዳኛ የለውም።

ችግር፦ ተቀምጦ ሳለ ሸተተ፣ ወፈረ፣ ጓጎለ

ገና ከዛፍ የወረደ ላቴክስ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ይረጋል። ባክቴሪያዎች ስኳሩንና ፕሮቲኑን ሲበሉ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱም ፒኤቹን ያወርዳል። አሞኒያ ባክቴሪያውን ይገታል፣ ፒኤቹንም ይጠብቃል። ዕቃው ክፍት ከቆየ ግን አሞኒያው ተንኖ ይሄዳል።

የአሞኒያው መጠን ተለክቶ ከ0.7 ወደ 0.4 በመቶ ከወረደና የጠብታው ፈተና ጤነኛ ከሆነ፣ ለ10 ኪሎ ላቴክስ የጎደለው 30 ግራም አሞኒያ ነው፤ ይህም 25 በመቶ ከሆነው ውህድ 120 ግራም ማለት ነው። በእኩል የተጣራ ውሃ አቅጥነው በቀስታ ያክሉ። አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ መነጽርና ጓንት አድርገው ይሥሩ፤ የአሞኒያ እንፋሎት ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። የላቴክስ ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው ጓንቱ ራሱ ከላቴክስ አለመሠራቱን ያረጋግጥ።

ከዛፍ በወረደው ላቴክስ ውስጥ ማግኒዥየም ከበዛ ዳያሞኒየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ይጨመርበታል፤ ማግኒዥየሙ ዝቃጭ ሆኖ ስለሚወርድ ከላይ ያለው በቀስታ ይገለበጣል።

ችግር፦ ከላይ ወፍራም፣ ከታች ቀጭን ሆነ

ይህ ብልሽት አይደለም። ጎማ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ፍጥነቱም በዲያሜትሩ ካሬ ልክ ያድጋል። 1 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት በጣም በተበረዘ ላቴክስ ውስጥ በቀን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይወጣል። በቀስታ ማማሰል ይበቃል። በሁለት ሦስት ቀን ተመልሶ በጉልህ ከተለየ ግን ቅንጣቶቹ መሰባሰብ ጀምረዋል ማለት ነውና ፒኤቹንና ውሃውን ይመርምሩ።

ላዩ ላይ የያዘው ስልባቦት ከሆነ ግን አያማስሉት። በአየር የደረቀ ጎማ ስለሆነ ዳግመኛ አይበተንም። ገፈው ያውጡት፤ የቀረውን ወደ 150 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ወንፊት ያጥልሉ። ወንፊቱን አስቀድመው በአሞኒያ ውሃ ያርጥቡት፤ ደረቅ ወንፊት ላይ ላቴክሱ ወዲያው ይጋገራል።

ችግር፦ ሲማሰል ወይም በፓምፕ ሲገፋ ፍርፋሪ አወጣ

ኃይለኛ ግጭት ቅንጣቶቹን ከመገፋፋቱ አልፈው እንዲነካኩ ያደርጋቸዋል። በመደበኛው ምርመራ 55 በመቶ ጠጣር ያለው ላቴክስ በደቂቃ 14,000 ዙር እየተማሰለ ቢያንስ 650 ሰከንድ ሳይጓጉል መቆየት አለበት። ጥርስ ያለውን ፓምፕ በዳያፍራም ፓምፕ፣ ፈጣኑን ማማሰያ በሰፊና ዝግተኛ ይተኩ። ካልበቃ ለ100 ግራም ደረቅ ጎማ ከ0.1 እስከ 0.3 ግራም ፖታሲየም ላውሬት (የሳሙና ዓይነት) በውሃ አሟምተው ያክሉ። ከዚያ በላይ ሲሆን አረፋው ያስቸግራል።

ቅዝቃዜም ያንኑ ያደርጋል፦ በረዶው ሲሠራ ቅንጣቶቹንና ጨዉን በጠባብ ቦታ ያጭቃቸዋል። የቀዘቀዘ የዛፍ ላቴክስ ሲቀልጥ አይመለስም፤ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አያስቀምጡት።

ችግር፦ የደረቀው ሽፋን ነጣ፣ ተሰነጠቀ ወይም ተጣበቀ

ነጭ ሆኖ የቀረ ወይም ያበጠ ሽፋን ውስጡ ውሃ አለ፤ ላዩ ቀድሞ ደርቆ መውጫውን ዘግቶበታል። በስሱ ይቀቡ፤ የፊተኛው ንጣቱ ጠፍቶ ብርሃን እስኪያሳልፍ ሁለተኛውን አይደርቡ። የተሰነጠቀ ወይም ዱቄት የሆነው የላቴክስ ቀለም ከሆነ ቅንጣቶቹ ለሙቀቱ ጠጥረዋል፦ ተጨፍልቀው መዋሃድ አልቻሉም። የፖሊስታይሪን ላቴክስ በክፍል ሙቀት ሲደርቅ ነጭ ዱቄት የሚሆነው ለዚህ ነው። በቀለሙ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ሙቀት በላይ ይቀቡ።

ከወራት በኋላ ቡናማ ሆኖ የሚጣበቅ የጎማ ሽፋን ካለ ደግሞ መዳብን ይጠርጥሩ። መዳብና ማንጋኒዝ የጎማን ኦክሲዴሽን ያፋጥናሉ፤ የላቴክስ ደረጃዎች ለእያንዳንዳቸው የሚፈቅዱት ከጠቅላላው ጠጣር በኪሎ ከ8 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ነው። አሞኒያ መዳብን ስለሚያሟሟ የነሐስ ቧንቧና መዝጊያ ውስጥ ያደረ ላቴክስ ሰማያዊ ቀለም ሊይዝ ይችላል። መዝጊያዎቹን በአይዝጌ ብረት ወይም በፖሊኢትሊን ይተኩ፤ ሰማያዊ ያሳየውን ላቴክስም ለሽፋን ሥራ አይጠቀሙበት።