ከ35 ዓመት በኋላ ሲያረግዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

35 ዓመት ሞልቷት የምትወልድ ሴት በሕክምናው ቋንቋ «ዕድሜዋ የገፋ» ትባላለች። ስሙ ደስ አይልም። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ጤናማ ልጅ ታቅፈው ይገባሉ። የሚያስቆጨው በጊዜው ቢታይ መላ የሚገኝለት ነገር ሲያመልጥ ነው።

«ሆዴ ሲገፋ ክትትል እጀምራለሁ» ማለት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ምርመራዎቹ ጊዜያቸውን ጠብቀው የሚሠሩ ናቸው። ለዳውን ሲንድረም (በትርፍ ክሮሞሶም ምክንያት ለሚመጣ የዕድገት ችግር) ማጣሪያ በፅንሱ ማጅራት ያለውን ፈሳሽ የሚለካው አልትራሳውንድ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ነው። ካለፈ አለፈ። የፅንሱ ዕድሜ በደንብ የሚታወቀውም በመጀመሪያዎቹ ወራት በሚታየው አልትራሳውንድ ነው። መጨረሻ ላይ «ቀኔ አልፏል ወይስ አላለፈም?» የሚለው ጭንቀት የሚመጣው ይሄ ሲቀር ነው። የእርግዝና የደም ግፊትን ለመከላከል የሚታዘዝ አስፕሪንም አለ። ከዕድሜዋ ሌላ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ከሆነ፣ ወይም እናቷ ወይ እህቷ በእርግዝና ግፊት ታመው ከነበረ፣ ሐኪሟ በትንሽ መጠን ሊያዝላት ይችላል። የሚጀመረው ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፣ ቢቻል 16ኛው ሳይሞላ ነው። በስምንተኛ ወሯ የመጣች እናት ይሄ አምልጧታል። በራስ ውሳኔ ግን አይጀመርም።

ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ደግሞ ከዚህም ይቀድማል። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝ ቢያንስ 1 ወር በፊት። በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ብዙ ሴት ማርገዟንም አላወቀች።

የለመዱትን መድኃኒት ዝም ብሎ መቀጠል፣ ወይም ዝም ብሎ ማቆም። ለምሳሌ የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳ በሌላ ይቀየራል። ያልታከመ ግፊትም ለእናትም ለልጅም አደጋ ነው።

የማጣሪያ ምርመራን ውጤት እንደ ፍርድ መስማት። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በ35 ዓመት ከ350 አንድ ገደማ፣ በ40 ዓመት ከ100 አንድ ገደማ ነው። ገልብጣችሁ እዩት፤ በ40 ዓመትም 99ኙ የለባቸውም። ማጣሪያው «ዕድሉ ከፍ ብሏል» ይላል እንጂ «አለበት» አይልም። የሚረጋገጠው ከእንግዴ ልጅ ወይም ከሽርት ውሃ ናሙና ተወስዶ ነው። ይሄኛው ጥቂት የውርጃ ስጋት ስላለው ውሳኔው የእናቲቱ ነው፤ አማትም ጎረቤትም አያገባቸውም።

ምልክትን «ዕድሜዬ ነው» ብሎ ማለፍ። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ በቀኝ ጎድን ሥር ሕመም፣ ፊት ድንገት ማበጥ፣ ቀለበት ከጣት አልወጣ ማለት። ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል ይለካ። ይሄ የእርግዝና ግፊት ከወለዱ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊከሰት ይችላል። የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰም ወዲያው ሐኪም ቤት ነው፤ «እስኪ ነገ ልየው» አይሠራም።

ኦፕራሲዮን ግዴታ ነው ብሎ መደምደም። ዕድሜ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። 40 ዓመት ያለፋት እናት ግን በ39ኛው ሳምንት ገደማ ምጥን በመድኃኒት ስለማስጀመር ሐኪሟን ትጠይቅ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ፅንሱ ማህፀን ውስጥ የመሞት ስጋቱ ይጨምራልና ጥያቄውን ቀደም ባለ ቀጠሮ ማንሳቱ ይሻላል።