የንግድ ሥነ ምግባርን በሁለተኛ ደረጃ ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ወይም ሰበታ የሚያስተምር መምህር ፋብሪካው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው፤ የብዙ ተማሪዎቹ ወላጆችም እዚያው ይሠራሉ። ለትምህርቱ ትልቅ ሀብት ነው፤ ካልተጠነቀቁበት ግን ልጆቹን ይጎዳል።

1. ማኅበራዊ ኃላፊነትን ከልገሳ ጋር ማምታታት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ማኅበራዊ ኃላፊነት ምንድን ነው ሲባል ተማሪው «ድርጅቱ ደብተር ሲያድል፣ ችግኝ ሲተክል» ይላል። መምህሩ «ጎበዝ!» ብሎ ካለፈ ነገሩ እዚያው ተበላሸ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ እንዴት ተገኘ የሚለው ነው።

በስሌት ያሳዩ። የአንድ ባለሱቅ ሚዛን በኪሎ 50 ግራም ይጎድላል እንበል። በቀን 40 ኪሎ ስኳር ከሸጠ 2 ኪሎ፣ በ26 የሥራ ቀናት 52 ኪሎ ከደንበኞቹ ወሰደ ማለት ነው። ኪሎው 100 ብር ቢሆን 5,200 ብር ይሆናል። ይኸው ሰው በመስከረም ለትምህርት ቤቱ የ3,000 ብር ደብተር ሰጠ። ደብተሩን የገዛው ማን ነው? ስሌቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይሥሩት፤ መምህሩ ከሠራላቸው ስብከት ይሆንባቸዋል።

2. መልሱ የታወቀ ጥያቄ መጠየቅ

«በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት መቀላቀል ጥሩ ነው?» ቢባል ማንም አዎ አይልም፤ ማንም አንዳች አይማርም። ጥያቄው የሚከብደው ጥቅምና ውለታ ሲገቡበት ነው። በባልትና ቤት የተቀጠረች የ17 ዓመት ልጅ ሲቀላቀል አየች፤ አሠሪዋ ደግሞ የእናቷን የሕክምና ወጪ የሸፈነች ናት። ዝም ትበል? ለአሠሪዋ ትንገር? ሥራዋን ትልቀቅ? ትጠቁም?

የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ እንዲህ ይከፋፍሉት፦ 5 ደቂቃ እያንዳንዱ ለብቻው ይጽፋል፤ 15 ደቂቃ አምስት አምስት ሆነው ይወያያሉ፤ 15 ደቂቃ ክፍሉ በሙሉ ይከራከራል፤ በቀረው 5 ደቂቃ ሐሳቡን የለወጠ ምክንያቱን ይጽፋል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከተዘለለ ቡድኑ ድምፁ የጎላውን ልጅ ተከትሎ ይሄዳል።

3. «ሕግ ካልጣሰ ችግር የለበትም» ብሎ ማለፍ

ሕጉን በደንብ ያስተምሩ፤ የሚመለከተው ተማሪዎቹንም ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ከዚያ ሕጉ የማይደርስበትን ያክሉበት፤ ለምሳሌ ሕጉን አክብሮ ቀጥሮ፣ በፈተና ሳምንት ፈቃድ የሚከለክል አሠሪ።

4. የሩቁን ብቻ ማንሳት

ባንግላዴሽ ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዋዜማው ሕንፃው መሰንጠቁ ታውቆ ነበር፤ እዚያው የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ሲያስወጣ የልብስ ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ተገደዱ። ጠንካራ ምሳሌ ነው፤ ግን ከሰፈሩ ምሳሌ በኋላ ይምጣ።

5. ተማሪን መርማሪ ማድረግ

«ያንተ አባት ፋብሪካ ፍሳሹን የት ይለቃል?» ተብሎ በክፍል ፊት መጠየቅ የለበትም። ወሬው ፋብሪካው ከደረሰ የአባትየው እንጀራ አደጋ ላይ ይወድቃል። የድርጅቱን ስም ቀይረው ያቅርቡት። ወደ አቃቂ ወንዝ ወርደው ውኃ እንዲቀዱም አይላኩ፤ ቆዳ የሚለፋበት ክሮም የተባለ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል። ደግሞም የመኖሪያ ቤቶችና የብዙ ፋብሪካዎች ፍሳሽ አንድ ላይ ስለሚቀላቀል ከቀለሙና ከሽታው ተነስቶ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም። ያለ ማስረጃ መወንጀልም ሌላ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው።

ጉብኝት ከተፈቀደ ጥያቄዎቹን ከሳምንት በፊት ይላኩ፦ ፍሳሹ ከመለቀቁ በፊት ምን ይደረግበታል? ውጤቱን ማን ይለካል? የጎረቤት ቅሬታ የሚደርሰው ለማን ነው?

6. ለውሳኔው ብቻ ነጥብ መስጠት

ተማሪው መምህሩ የሚወደውን መልስ ፈልጎ ይጽፋል። ከ10 ነጥብ 3ቱን የሚጎዱና የሚጠቀሙ ሰዎችን ለይቶ በማውጣት፣ 3ቱን ለትክክለኛ መረጃና ሕግ፣ 3ቱን ተቃራኒውን ሐሳብ በሚገባ አቅርቦ በመመለስ ይስጡ። ለውሳኔው 1 ነጥብ ይበቃዋል።