የሶፍትዌር መስፈርት ስትጽፉ ቀንና ሰዓቱን አትዝለሉ

ሶፍትዌር ለሚሠሩ ዴቨሎፐሮች የፕሮዳክት መስፈርት፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ምን መሥራት እንዳለበት የሚገልጽ ሰነድ፣ የምትጽፉ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰነዱ ላይ «ተጠቃሚው ቀጠሮ ይይዛል» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። በየትኛው ካላንደር? በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር?

ፒያሳ ላለ ክሊኒክ የቀጠሮ አፕ እያሠራችሁ ነው እንበል። ታካሚዋ «ሐሙስ 3 ሰዓት» ስትል ጠዋት ማለቷ ነው። ስልኳ ላይ ግን 9:00 ይላል። ዴቨሎፐሩ ዝም ብሎ 3:00 ካስገባው ቀጠሮዋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ምሳሌውን ቁልጭ አድርጋችሁ ጻፉት፦ «ተጠቃሚዋ ጠዋት 3 ሰዓትን ስትመርጥ ሲስተሙ 09:00 ብሎ ይመዘግባል፤ የሚላክላት ኤስኤምኤስ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ይላል።» እንዲህ ያለች አንድ መስመር ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ትበልጣለች። አፑ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ቴስተርም ምን እንደሚፈትሽ ያውቃል።

ጳጉሜንም አትርሷት። 5 ቀን ናት፣ በየ4 ዓመቱ 6 ትሆናለች። የወር መምረጫው 12 ላይ ካቆመ የጳጉሜ 3 ቀጠሮ የት ይግባ? ወርሃዊ ክፍያ ካለም በጳጉሜ ይቆረጣል ወይስ አይቆረጥም የሚለውን ወስናችሁ ጻፉ። ይህን ለዴቨሎፐሩ መተው ልክ አይመስለኝም። ደንበኛውን በቅርብ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የማይሠራውንም ጻፉ። «በዚህ ዙር በቴሌብር መክፈል አይቻልም» የሚል መስመር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሰነዱን ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ምሳሌዎቹን ለክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ አንብቡላት። ግር ካላት እዚያው አስተካክሉት።