በወንጀልና በአደንዛዥ ዕፅ ረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት ስትሰጡ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ረቂቅ ሕግ ለአስተያየት ወደ ዞንና ወረዳ ሲወርድ ጎጃም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይታወቃል። ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። ቀኑ ሊያልቅ ሲል አንድ ባለሙያ ይጠራና «የሆነ ነገር ጻፍበት» ይባላል። ሰው የሚታሰርበት ሕግ እኮ ነው!

ትልቁ ስህተት «ረቂቁን ሙሉ በሙሉ እንደግፋለን» ብሎ ማኅተም መምታት ነው። ይሄ አስተያየት አይባልም። ጤና ጽሕፈት ቤት የሚጠየቀው ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚያየውን እንዲናገር ነው፤ ፖሊስ ደግሞ ኬላ ላይ የሚገጥመውን። አንቀጹን ጥቀሱ፣ ችግሩን ንገሩ፣ በምትኩ ምን ይጻፍ የሚለውንም አስቀምጡ።

ሁለተኛው ጫቱን፣ አረቄውን፣ ሐሺሹንና የፋርማሲውን ክኒን ሁሉ «አደንዛዥ ዕፅ» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሐሺሽ ኢትዮጵያ በተቀበለችው እ.ኤ.አ. የ1961 ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ጫት ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ አገራችንም ወደ ውጭ እየላከች ትሸጠዋለች። ዲያዜፓም የሚባለው የማረጋጊያ ክኒን በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ መድኃኒት ነው። ችግሩ ያለ ትእዛዝ ሲሸጥ ነው። ለአረቄ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አዋጅ ቁጥር 1112 አለ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። አሁን ረቂቁ «አደንዛዥ ዕፅና መሰል ነገሮችን ይዞ የተገኘ» ቢል፣ ባሕር ዳር ዙሪያ ጫቱን ቆርጦ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ምን ሊሆን ነው? «መሰል» የሚለውን ማን ይወስናል? የኬላው ፖሊስ? የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 2 በማመሳሰል ወንጀል መፍጠርን ይከለክላል። እንዲህ ያለ ቃል ስታዩ ቀይ እስክሪብቶ አንሡ፣ ዝርዝሩ በአባሪ ይውጣ በሉ።

ሌላው «ቅጣቱ ይክበድ» ብሎ ማለፍ ነው። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ዕፅ ማምረቱንም፣ ማዘዋወሩንም፣ መጠቀሙንም ይቀጣል። ታዲያ የክስ መዝገቡ የሚወድቀው ለምንድን ነው? ኤግዚቢቱ፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘው ዕፅ፣ ሳይመዘን፣ ሳይታሸግ በማዳበሪያ ከረጢት ተደርጎ ግምጃ ቤት ከተጣለ፣ ፍርድ ቤት ሲቀርብ «የእኔ ለመሆኑ ማስረጃው የታለ?» ለሚል ተከሳሽ መልስ አይኖርም። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ የሚጠብቅ እስረኛም አለ። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ስለዚህ ማን ይመዝናል፣ ማን ያሽጋል፣ ናሙናው የት ይላካል፣ በስንት ቀን ውጤቱ ይመለሳል የሚለው በረቂቁ ውስጥ ከሌለ እሱን ጻፉ።

የክልልና የፌዴራል ሥልጣንም አይምታታባችሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልል የሚያወጣው የፌዴራሉ ሕግ በግልጽ ባልሸፈነው ጉዳይ ላይ ብቻ ነው።

የኃላፊው የግል ስሜትም የመሥሪያ ቤቱ አቋም አይደለም። ከፋርማሲ ባለሙያው፣ ከመርማሪው፣ ከገበሬውም ጠይቃችሁ ጻፉ።

ቀኑ ካለፈባችሁም አትተዉት። ረቂቁ ምክር ቤት ሲገባ ቋሚ ኮሚቴው ብዙ ጊዜ መድረክ ያዘጋጃል። ነጥባችሁን በጽሑፍ ይዛችሁ ግቡ።