ቁልፉን ስትጫን የምትሄድ፣ ስትደግም የምትቆም ሮቦት

ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ሮቦት፣ አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ)፣ ኤል298ኤን (L298N) የሞተር ድራይቨር (የአርዱይኖውን ትእዛዝ ተቀብሎ ከባትሪው ለሞተሮቹ ኃይል የሚያቀብል ሰሌዳ) እና አንድ ተራ ቁልፍ ካለህ ይበቃሃል። ብዙ ጀማሪ ሞተሩ ላይ ሲጨነቅ ይውላል። የሚያስቸግረው ግን ቁልፉ ነው።

ሞተሩን ቶሎ እንጨርሰው። ከአርዱይኖው ፒን (ሽቦ ከሚሰካበት ቀዳዳ) ጋር በቀጥታ እንዳታገናኘው፤ አንድ ፒን ያለ ችግር የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፣ ሞተር ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይስባል። ድራይቨሩ መሃል የሚገባው ለዚህ ነው። ድራይቨሩ ላይ ከኢን1 (IN1) እስከ ኢን4 (IN4) ያሉትን ወደ አርዱይኖው አራት ዲጂታል ፒኖች ውሰድ። የባትሪው፣ የድራይቨሩና የአርዱይኖው ግራውንድ (GND፣ የኔጌቲቩ ጫፍ) አንድ ላይ ይገናኙ፤ ይህችን ሽቦ የዘለለ ሰው ጤነኛ ኮድ ሲበረብር ያመሻል።

አሁን ወደ ቁልፉ። አንዱን እግር ፒን 2 ላይ፣ ሌላውን ግራውንድ ላይ ሰካ። አራት እግር ካለው በሰያፍ የሚተያዩትን ሁለቱን ተጠቀም፣ አለዚያ ከውስጥ ቀድሞውኑ የተገናኙትን ልትይዝ ትችላለህ። ኮዱ ላይ ፒኑን «ኢንፑት» (INPUT) ብቻ ብለህ ከተውከው ሜዳ ላይ ይቀራል፦ እጅህን ስታስጠጋ እንኳ ንባቡ ሊዘል ይችላል፣ ሮቦቷም ማንም ሳይነካት ብድግ ብላ ትሄዳለች። «ኢንፑት ፑልአፕ» (INPUT_PULLUP) በለው፤ ቁልፉ ካልተጫነ ፒኑን 1 ላይ ያቆየዋል። ከዚያ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሳይጫን 1፣ ሲጫን 0 ታነባለህ።

«0 ከሆነ ሂድ» ብለህ ብቻ ከጻፍክ የምትሄደው ጣትህ ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ ሁለት ቫሪያብል (ኮዱ ውስጥ ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) ያዝ። አንዱ ቁልፉ ባለፈው የሉፕ (እየተደጋገመ የሚሄደው የኮዱ ክፍል) ዙር ምን እንደነበር ያስታውስ፣ ሌላው ሮቦቷ እየሄደች ይሁን ቆማ ይወቅ። ባለፈው 1 የነበረው አሁን 0 ሲሆን ብቻ ሁለተኛውን ገልብጥ።

ትሞክረዋለህ፤ አንዴ ትታዘዛለች፣ አንዴ ንቅንቅ ብላ እዚያው ትቀራለች። አትናደድ። ቁልፉ ውስጥ ያሉት ብረቶች ሲነካኩ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይነጥራሉ፣ አርዱይኖው ደግሞ ፈጣን ስለሆነ አንድ ጊዜ መጫንህን ብዙ አድርጎ ይቆጥረዋል። ለውጥ ስታይ 30 ሚሊሰከንድ ያህል ጠብቅና ድጋሚ አንብብ፤ አሁንም 0 ከሆነ እመነው። ለዚህች ቆይታ «ዲሌይ» (delay፣ ኮዱን አስቁሞ የሚያስጠብቅ ትእዛዝ) ምንም አይል። «ሁለት ሰከንድ ሂድ» ለማለት ግን እንዳትነካው፤ ሁለት ሰከንዱ እስኪያልቅ ቁልፉን ብትደበድበውም አትሰማህም። እዚያ ላይ በ«ሚሊስ» (millis፣ አርዱይኖው ከበራ ያለፈውን ሚሊሰከንድ የሚነግርህ) ሰዓት እየቆጠርክ ሉፑን ዝም ብለህ አዙረው።

ስትሞክር ጎማዎቹ አየር ላይ እንዲሆኑ መጽሐፍ ላይ አስቀምጣት። አንዱ ጎማ ወደ ኋላ ከዞረ ኮዱን አትንካ፤ የዚያን ሞተር ሁለት ሽቦዎች ድራይቨሩ ላይ አቀያይራቸው።