አዲስ ትንሽ ትራክተር ሲገዙ፦ በኋላ ክብደትና በተቀጽላ ምርጫ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ከሆለታ እስከ ሰንዳፋ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚገኙ የወተት ላም እርባታዎች፣ የአትክልት ማሳዎችና የድርቆሽ መሬቶች ከ25 እስከ 45 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ትናንሽ ትራክተሮች ተስማሚ ናቸው፤ በጠባብ በር ይገባሉ፣ በትንሽ ማሳ ላይ ይዞራሉ፣ ነዳጅም አያበዙም። ይሁን እንጂ ብዙ ገዢዎች ገንዘባቸውንም ሐሳባቸውንም በትራክተሩ ላይ ከጨረሱ በኋላ፣ ከኋላ የሚታሰረውን ክብደትና ተቀጽላዎቹን፣ ማለትም እንደ ማረሻ ያሉ ከትራክተሩ ጋር የሚታሰሩ መሣሪያዎችን፣ ሻጩ ባቀረበላቸው መልክ ይቀበላሉ። ትንሽ ትራክተር በራሱ ቀላል ስለሆነ ፊቱ ላይ የሚነሣውና ኋላው ላይ የሚንጠለጠለው ነገር ጠባዩን ፈጽሞ ይለውጠዋል። በመሆኑም ክብደቱና ተቀጽላው እንደ አንድ ውሳኔ መታየት ይኖርባቸዋል።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ኋላውን ባዶ ትቶ በፊት ሎደር መሥራት

ሎደር ማለት በትራክተሩ ፊት ላይ ተገጥሞ በባኬት፣ ማለትም በትልቅ የብረት ማፈሻ፣ ጭነት የሚያነሣው ክንድ ነው። ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ በሰፊው ላብራራው። በዲጅኖ ድንጋይ ፈንቅሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የፊት አክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ብረት፣ ዲጅኖው የሚደገፍበት ቦታ ነው፣ ባኬቱ ውስጥ ያለው ጭነት አንዱን ጫፍ ሲጫነው ሌላው ጫፍ፣ ማለትም የትራክተሩ ኋላ፣ ወደ ላይ ይነሣል። በቁጥር እንየው። በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል 1.6 ሜትር ርቀት ያለው ትራክተር ከፊት አክስሉ 1.5 ሜትር ወደፊት በወጣ ባኬት 400 ኪሎ ግራም ቢያነሣ፣ በፊት አክስሉ ላይ የሚጨመረው 400 ሳይሆን 775 ኪሎ ግራም ነው፤ ትርፉ 375 ኪሎ ከኋላ ጎማዎች ላይ የተነሣ ክብደት ነው። ባዶውን ሳለ ኋላው 650 ኪሎ ተሸክሞ ከነበረ አሁን የሚቀረው 275 ብቻ ነው።

ከዚህ ሦስት ጉዳቶች ይከተላሉ። የመጀመሪያው የፊት አክስሉ፣ የመሪው ክፍሎችና የፊት ጎማዎች ከተሠሩበት አቅም በላይ ተሸክመው ቶሎ ማለቃቸው ነው። ሁለተኛው ፍሬንን ይመለከታል፤ በአብዛኞቹ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ፣ ኋላው ሲቀልል ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ቢያዝም ጎማው ይንሸራተታል። ስለዚህ ጭነት ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አራቱም ጎማ እንዲነዳ አስቀድሞ ማስገባት አለበት፤ ያኔ የፊት ጎማዎችም በፍሬኑ ይያዛሉ። ሦስተኛውና የሰው ሕይወት የሚቀጥፈው ወደ ጎን መገልበጥ ነው። የፊት አክስል መሐሉ ላይ ባለ አንድ ፒን ስለሚወዛወዝ ትራክተሩን ከጎን መገልበጥ በዋናነት የሚከላከሉት በስፋት የቆሙት የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ ትራክተሩ የሚቆመው በዚያ አንድ ፒን ላይ ይሆናል።

በሱሉልታ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የከብት እርባታ ግቢ ውስጥ እርጥብ ፍግ የሚጭን ትራክተር አይቻለሁ። ሹፌሩ ባኬቱን ከፍ እንዳደረገ ወደ ተጎታቹ ሲጠመዝዝ፣ የግቢው መሬት በጥቂቱ ያዘነበለ ስለነበር የቀኝ የኋላ ጎማው ከመሬት ስንዝር ያህል ተነሣ፤ ባኬቱን ወዲያው ዝቅ ባያደርግ ኖሮ መገልበጡ አይቀርም ነበር። ከኋላው ምንም አልታሰረም ነበር። ባኬት ተጭኖ ሲጓዙ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ብሎ መሄድ አለበት፤ ትራክተሩ ቢገለበጥ ሹፌሩን የሚከላከለው ዘንግ ቆሞ የወንበሩ ቀበቶም መታሰር ይኖርበታል። ዘንጉ የታጠፈ ከሆነ ግን ቀበቶው አይታሰርም፤ ሰውየውን ከሚወድቀው ብረት ጋር ያስረዋልና።

በተጨማሪ ባኬቱ የሚይዘው የነገሩን መጠን እንጂ ክብደቱን እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ሩብ ሜትር ኩብ የሚይዝ ባኬት ፍግ ሲሞላ 200 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ያው ባኬት እርጥብ አሸዋ ቢሞላ 500 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በፍግ የለመደ እጅ አሸዋ ላይ የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስህተት፦ ጎማ ውስጥ የተሞላ ውሃ ይበቃል ብሎ ማመን

ሻጮች «ጎማው ውሃ ተሞልቶለታል፣ ሌላ ክብደት አያስፈልገውም» ሲሉ ይሰማል። ውሃውም ሆነ በቸርኬው ላይ የሚታሰረው ብረት ጠቃሚ ነው፤ የኋላ ጎማዎች መሬት እንዲጨብጡ ያደርጋል፣ ክብደቱም ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን በራሱ በአክስሉ ላይ ያረፈ ክብደት የፊቱን አክስል አያሳርፍም። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 400 ኪሎ በኋላ ጎማዎች ላይ ቢጨመር ኋላው ወደ 675 ኪሎ ይመለሳል፣ የፊቱ ተጨማሪ ጫና ግን ያው 775 እንደሆነ ይቀራል። ያንኑ 400 ኪሎ ከኋላ አክስሉ 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ በማንሻ ክንዶቹ፣ ማለትም ተቀጽላውን በሚያነሡት የኋላ ክንዶች ላይ ቢታሰር ኋላው 900 ኪሎ ይሆናል፣ የፊቱ ተጨማሪ ጫናም ወደ 550 ይወርዳል። ክብደቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ውጤቱን የለየው ቦታው ነው። ሎደር ያለው ሰው ሁለቱንም ቢያደርግ መልካም ነው፤ አንዱን መምረጥ ካለበት ግን ከአክስሉ በስተኋላ የሚንጠለጠለውን ይምረጥ።

ውሃውን የሚያስሞሉ ከሆነ ጎሚስታው የንፋስ ማስገቢያውን ወደ ላይ አዙሮ እስከዚያው ከፍታ ድረስ ይሙላው፤ ይህ የጎማውን 75 በመቶ ያህል ነው፣ ቀሪው ንፋስ መሆን አለበት። በበረዷማ አገሮች ውሃው እንዳይረጋ ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ይቀላቀልበታል። የአካባቢያችን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ግን ጎማ ሙሉ ውሃ የሚያረጋ ስላልሆነ፣ ቸርኬ የሚበላውን ጨው መጨመር ያለ ጥቅም ጉዳት መግዛት ነው።

ሦስተኛው ስህተት፦ የክብደት በርሜሉን በዘፈቀደ ማሠራት

ከውጭ የሚመጣ ክብደት መግዛት ግዴታ አይደለም። 200 ሊትር የሚይዝ አሮጌ በርሜል ከምናለሽ ተራ ገዝቶ ከጎረቤት በያጅ ጋር ተስማምቶ ማሠራት ይቻላል፤ እኔም ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ እስከ አፉ የተሞላ በርሜል ከነቆርቆሮው 500 ኪሎ ይሆናል፤ ለ30 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ይህ ከሚያስፈልገው በላይ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሦስተኛውን ሞልቶ 340 ኪሎ አካባቢ ማስቀረት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ትክክለኛው ቁጥር በሎደሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ እርሱን መቅደም አይገባም።

ስህተቱ የሚፈጸመው በፒኖቹ ላይ ነው። የትናንሽ ትራክተሮች ሦስት ነጥብ ማያያዣ፣ ማለትም ተቀጽላው በሁለት የታችና በአንድ የላይ ፒን ከኋላ የሚታሰርበት ክፍል፣ አንደኛ ምድብ የሚባለው ሲሆን፣ የታችኞቹ ሁለት ፒኖች ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ የታችኞቹ በመካከላቸው 683 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ የላይኛውም ከእነርሱ 460 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። በያጁ እጁ ላይ ያገኘውን ፌሮ ቆርጦ ፒን ቢያደርገው ሲታጠፍ ወይም ሲበጠስ ክብደቱ በሙሉ መንገድ ላይ ይወድቃል። ፒኖቹ የየራሳቸው ሆነው ሳይሆን በርሜሉን ከጎን እስከ ጎን በስቶ በሚያልፍ አንድ ወፍራም ዘንግ ጫፎች ላይ መሠራት አለባቸው፤ ዘንጉም ከበርሜሉ ታችኛ ክፍል ይለፍ። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውሃ እየጠጣ ይቆይ እንጂ በማግስቱ አይንጠልጠል። ኮንክሪት ለመቆጠብ ልቅ ድንጋይ መሙላትም በጉዞ ላይ የሚናወጥ ጭነት ይፈጥራል።

«ሮታቬተሩ ከኋላ ስላለ እርሱ ራሱ ክብደት ይሆናል» የሚለው አነጋገር፣ በሚዞሩ ስለቶች አፈር ስለሚፈጨው ተቀጽላ የሚነገረው፣ በመጠኑ እውነት ነው። ሆኖም ሮታቬተር ሰፊ ስለሆነ በበረት ምሰሶዎች መካከል ሲዞሩ የማይታይ ጥግ ይመታል፣ ከብቶች ባሉበት ግቢም ስለቶቹ አደገኞች ናቸው። ለግቢ ሥራ ጠባቡ በርሜል ይሻላል።

አራተኛው ስህተት፦ በወረቀቱ ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት እንዳለ መቀበል

የሞተሩ የፈረስ ጉልበት ተቀጽላውን የሚያዞረው ጉልበት አይደለም። ኃይሉ ወደ ኋለኛው ማዞሪያ፣ ማለትም ፒቲኦ ወደሚባለው ዘንግ ሲደርስ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። በእኛ አካባቢ ሌላም ቅናሽ አለ። ቱርቦ፣ ማለትም ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ወደ 1 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ የአዲስ አበባ ብዙው ክፍልና ከሰሜን የሚያዋስኗት አካባቢዎች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚገኙ ቅናሹ ከ20 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሽያጭ ወረቀቱ ላይ 35 የተጻፈለት ትራክተር እዚህ በማዞሪያው ላይ የሚሰጠው ከ22 እስከ 24 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ለ35 ተብሎ የተሠራ የ1.5 ሜትር ሮታቬተር ሲገጠምለት ጥቁር ጭስ የሚያወጣውና የሚታነቀው ሞተሩ ተበላሽቶ አይደለም። ቱርቦ ያለውን መግዛት፣ ካልሆነም የ1.2 ሜትሩን መምረጥ ይሻላል። የተቀጽላው ስፋት ግን የኋላ ጎማዎችን ዱካ መሸፈን ስላለበት፣ ሮታቬተሩ ከትራክተሩ የውጭ ስፋት ከጠበበ ወደ አንድ ጎን ተዛውሮ የሚታሰር ዓይነት መሆን ይኖርበታል።

አምስተኛው ስህተት፦ የማንሣት አቅሙን ያለ ርቀቱ ማንበብ

የማንሻ ክንዶቹ አቅም በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ በክንዶቹ ጫፍ ላይና ከጫፉ 610 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ። ሁለተኛው ቁጥር ምንጊዜም ያነሰ ሲሆን ለሥራው እውነት የሚሆነው እርሱ ነው፤ ተቀጽላው የሚመዝነው በመሐሉ እንጂ በፒኑ ላይ አይደለምና። ማንሣት መቻልም ብቻውን አይበቃም። ከባድ ተቀጽላ ሲነሣ የፊት ጎማዎች ስለሚቀልሉ መሪው አይታዘዝም፤ የትራክተሩ ባዶ ክብደት ቢያንስ 20 በመቶ በፊት አክስል ላይ መቅረት አለበት። ይህን ለማረጋገጥ ተቀጽላውን አንሥቶ የፊት ጎማዎቹን ብቻ በመኪና ሚዛን ላይ ማውጣት ይቻላል። ከጎደለ ከፊት መከላከያው ላይ ክብደት ይታሰራል፤ ሎደሩን ሳይፈቱ መተውም ሊያሟላው ይችላል።

ስድስተኛው ስህተት፦ አፈሩን ሳያውቁ ተቀጽላ መምረጥ

ወደ ሰንዳፋ፣ አቃቂና ዱከም የሚገኘው ጥቁር ኮትቻ አፈር ሲርስ አብጦ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የሚታረስበት ጊዜም አጭር ነው። በዚህ አፈር ላይ ሮታቬተር ብቻ ገዝቶ የሚገባ ሰው ይቸገራል። እርጥቡን ሲፈጭ ከስለቱ በታች ያለውን አፈር ለስልሶ እንደ ወለል ይጠቀጥቀዋል፣ የክረምቱም ውሃ በላዩ ይተኛል፤ ደረቁን ሲፈጭ ደግሞ ስለቶቹ ያልቃሉ። ባለጥፍር ማረሻ በቅድሚያ ቢገባና ሮታቬተሩ በእርጥበቱ ልክ ቢከተለው የተሻለ ነው። በሆለታ ዙሪያ ባለው ቀይ አፈር ላይ ግን ሮታቬተሩ ቀድሞ ቢገዛ አይከፋም። በትልልቅ ትራክተሮች ሲጎተት የሚታየው ባለሦስት ዲስክ ማረሻ በኮትቻ ላይ ለትንሽ ትራክተር አይሆንም።

ክብደቱ በቂ መሆኑን የሚናገረው ማሳው ራሱ ነው። ማረሻው መሬት ገብቶ እየሠራ የኋላ ጎማው 10 ዙር ሲዞር የሄደውን ርቀት ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያም ማረሻውን አንሥተው ያንኑ ርቀት ሲሄዱ ስንት ዙር እንደሚፈጅ ይቁጠሩ። ከ8.5 እስከ 9 ዙር ከሆነ መንሸራተቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ስለሆነ ደህና ነው። ከ8.5 በታች ከሆነ ክብደት ይጎድለዋል ወይም ማረሻው ይበዛበታል፤ ወደ 10 ከተጠጋ ግን ክብደቱ በዝቷል ማለት ነው።

ሰባተኛው ስህተት፦ የታሰረውን ክብደት ዓመቱን ሙሉ አለመፍታት

በርሜሉ የታሰረው ለሎደሩ ነው። ማሳ ላይ ይዞት የሚገባ ሰው አፈሩን ይጠቀጥቃል፣ ነዳጅም ያባክናል፤ ኮትቻ ደግሞ በእርጥበት ጊዜ ከተጠቀጠቀ በአንድ ወቅት አይመለስም። ሥራው ሲያልቅ መሬት ላይ አውርዶ መተው ይገባል፤ በክንዶቹ ላይ ተንጠልጥሎ ማደር የለበትም።

ሁለት አጫጭር ጉዳዮች ይቀራሉ። የፒቲኦ ካርዳን፣ ማለትም ኃይሉን ከማዞሪያው ወደ ተቀጽላው የሚያደርሰው ዘንግ፣ ከአዲስ ተቀጽላ ጋር ሲመጣ ርዝመቱ ለየትራክተሩ ተለክቶ መቆረጥ አለበት፤ ረዝሞ ከተገጠመ ክንዶቹ ሲነሡ ይገፋና የማርሹን ሣጥን ይሰብራል፣ የፕላስቲክ ሽፋኑም ፈጽሞ መውለቅ የለበትም። የተያዘ መኪና ወይም ጉቶ ሲጎተት ሰንሰለቱ ከታች ባለው መጎተቻ ላይ ብቻ ይታሰር፤ ከአክስሉ ወይም ከላይኛው ፒን ላይ ከታሰረ ፊቱ ተነሥቶ ትራክተሩ በሹፌሩ ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ይህም የሚሆነው ሰው ፍሪሲዮን ለመርገጥ ከሚወስደው ጊዜ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።