300 ስለተጻፈበት ብቻ አትግዙት፦ ኪስ የማይጎዳ ቴሌፎቶ ሌንስ አመራረጥ

ከካሜራ ጋር የሚመጣውን 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ ጅማ፣ ቦዬ ረግረግ ዳር የቆመ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ጉማሬው ብቅ ይላል፣ ፎቶው ላይ ግን የሚታየው ጥቁር ነጥብ ነው። ዛፍ ላይ ያለች ጉሬዛም፣ ስታዲየም ውስጥ ከወዲያኛው ጎል ጋር ያለ ተጫዋችም እንደዚያው። ያኔ ቴሌፎቶ ዙም፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ሌንስ፣ ፍለጋ ይጀመራል። አብዛኛው ሰው ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ድረስ ይስባል?» ብሎ ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ «ስቴቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ) አለው ወይ?» በሉ።

ሌንስ በሳበ ቁጥር የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል። 250 ሚሊ ሜትር ላይ እንደ ካኖን 2000ዲ ባለ ካሜራ፣ ያለ ስቴቢላይዘር ጥርት ያለ ፎቶ በእጅ ለማንሳት ሹተር ስፒዱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ቢያንስ 1/400 ሰከንድ ገደማ መሆን አለበት። ፀሐይ ካለ ቀላል ነው። ጅማ ግን ደመናው ወርዶ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው፤ ከቡናው በላይ ባለው ጥላ ዛፍ ሥር ስትገቡማ ጨርሶ ይጨልማል፣ ርካሽ ሌንሶች ደግሞ እስከ ጫፍ ሲሳቡ አፐርቸራቸው (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ከኤፍ 5.6 ወይም ከ6.3 በላይ አይከፈትም። እዚህ ጋ ነው ስቴቢላይዘር ዋጋው የሚታየው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስቴቢላይዘር የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ሰው አይደለም። ለኳስ 1/500 እና ከዚያ በላይ፣ ለሚበር ወፍ 1/1000 አድርጉ። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (የካሜራውን ለብርሃን ያለውን ስሜት) ሳትፈሩ ወደ 3200 ከፍ አድርጉት። ትንሽ አሸዋ አሸዋ ያለ ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል።

ካኖን ያላችሁ ሁለት ሌንስ ላይ ታመነታላችሁ፦ 75-300 እና 55-250። በብዛት የሚቀርብላችሁ 75-300 ስሪት 3 ነው፤ ዋጋው ይስባል፣ ቁጥሩም ትልቅ ነው። ስቴቢላይዘር ግን የለውም፣ 300 ላይም ምስሉ ይለሰልሳል። ከ250 እስከ 300 ያለው ልዩነት ደግሞ ጥቂት እርምጃ ጠጋ ብትሉ የሚካካስ ነው። ስለዚህ 55-250 አይኤስ (ካኖን ስቴቢላይዘርን የሚጠራበት ስም ነው) ፈልጉ። ሦስት ዓይነት አለ። መጨረሻ የወጣው፣ ኤስቲኤም የሚል የተጻፈበት የ2013ቱ፣ ከሦስቱ ይበልጣል፤ ጥርት ያለ ነው፣ ፎከሱም ፈጣንና ድምፅ የለሽ ነው። ብር ካልበቃ የቀድሞዎቹ አይኤስም ያስኬዳሉ። ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ)፣ ለምሳሌ 6ዲ ወይም 5ዲ ካላችሁ ግን ይሄ ሌንስ አይገጥምም።

የኒኮን ነገር ጠንቀቅ ይፈልጋል። ኤኤፍ-ፒ 70-300 ቪአር (ቪአር የኒኮን ስቴቢላይዘር ነው) ቀላል፣ ፈጣንና ለዋጋው በጣም ጥሩ ሌንስ ነው፤ ግን ዲ3100፣ ዲ3200፣ ዲ5100፣ ዲ7000 ወይም ዲ90 ላይ አይሠራም። ዲ3300፣ ዲ3400፣ ዲ3500፣ ዲ5300 እና ዲ5600 ላይ ይሠራል፤ በአንዳንዶቹ የካሜራውን ሶፍትዌር ማደስ ሊያስፈልግ ይችላል። ይሄው ሌንስ ቪአር የሌለው መንትያ ስላለው ጽሑፉን ቀረብ ብላችሁ አንብቡ። ካሜራችሁ የቆየ ከሆነ ኤኤፍ-ኤስ 55-200 ቪአር ወይም 55-300 ቪአር ይሻላችኋል። «ኤኤፍ-ዲ» የሚባሉት ጥንታዊዎቹ ደግሞ ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ላይ አውቶፎከስ አያደርጉም፣ ምክንያቱም እነዚህ ቦዲዎች ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም።

ሶኒ መስታወት አልባ ካላችሁ 55-210 ኦኤስኤስ (የሶኒ ስቴቢላይዘር ያለው) ነው የምላችሁ። 420-800 የሚል ቁጥር ያለው ርካሽ ሌንስ ካያችሁ እለፉት፤ ፎከሱ በእጅ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ያለ ጠንካራ ትራይፖድ አይታሰብም። ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዘው ማጉያ መስታወትም ጥራቱን ስለሚገድለው ብራችሁን አታውጡበት።

ያገለገለ ስትገዙ ጊዜ ውሰዱ። ሁለቱንም ክዳን አንሱና የስልክ መብራት በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላው በኩል ተመልከቱ። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፣ መልሱት። ዙሙን እስከ ጫፍ አሽከርክሩት፤ መንቀርቀር ወይም መያዝ የለበትም። ካሜራ ላይ ግጠሙት፣ ሹተሩን በግማሽ ተጫኑ፣ በመመልከቻው ውስጥ ምስሉ ረጋ ሲል ካያችሁ ስቴቢላይዘሩ ይሠራል። ከዚያ የጡብ ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ አጥር ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙና፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ስባችሁ አንሱ። አራቱን ጥግ አጉልታችሁ አወዳድሩ። አንዱ ጥግ ከሌሎቹ በግልጽ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ፣ እዚያ ያለ ወዳጃችሁ ይሄንኑ የግድግዳ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም በፋይል ይላክላችሁ። እንደ ፎቶ ከላከው ስለሚጨመቅ ጥራቱን ማየት አትችሉም።

ሌንሱን ከጅሬን ኮረብታ ላይ በቀትር ከተማውን አንስታችሁ አትፍረዱበት። በሩቅ ያለው አየር ጭጋግ ስለሚያለብሰው ውድ ሌንስም እዚያ ይደበዝዛል።

ገዝታችሁ ስትገቡ ደግሞ የጅማን እርጥበት አስቡ። ከቆዳ ወይም ከጨርቅ ቦርሳ አውጡትና ክዳኑ ጥብቅ በሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ሰብስባችሁ ጨምሩበት፤ እርጥበት ጠጥተው ስለሚጠግቡ ግን በየጊዜው በአዲስ ተኩ። ሩዝ አትጠቀሙ፣ ዱቄቱ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ሌንሱን ሳትነኩ ወራት አታሳልፉ፣ ክረምት ላይ በተለይ።